ለግርዶሹ የተቆረጠው ፊልም

«ሰው ይዘው ነው የመጡት?»

የጠየቀችኝ የራዲዮሎጂ ሐኪሟ ናት። ኦሎምፒያ አካባቢ ባለ አንድ የምርመራ ማዕከል ከሲቲ ስካኑ ወርጄ ሸሚዜን እየቆለፍኩ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ቀኝ ጎኔን ወጥሮ ይዞኝ ስለነበር ሐኪሜ «የኩላሊት ጠጠር ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ነው የላከኝ። ማሽኑን የሚያሠራው ባለሙያ «ውጤቱን ከሰዓት በኋላ ይወስዳሉ» ካለኝ ገና አምስት ደቂቃ አልሞላም። ሐኪሟ ግን ከመስታወቱ ጀርባ ተነሥታ ራሷ መጣች።

ከሠላሳ ዓመት በላይ በጋዜጠኝነት ሠርቻለሁ። ያቺን ጥያቄ አውቃታለሁ። በሆስፒታል ኮሪደር፣ በፖሊስ ጣቢያ በር ላይ፣ ከጎርፍ በኋላ በተተከለ ድንኳን ውስጥ ሌሎች ሰዎች ሲጠየቋት ቆሜ ሰምቻለሁ። እኛ ዘንድ ክፉ ወሬ በቀጥታ ለባለቤቱ አይነገርም። መጀመሪያ ለወንድም፣ ለአማች ወይም ለጎረቤት ይነገራል፤ እነሱ ተማክረው፣ ቀን መርጠው፣ እህል ካስቀመሱት በኋላ ይነግሩታል። ስለዚህ «ሰው ይዘው ነው የመጡት?» የተባለ ሰው የቀረውን ሳይሰማ ያውቀዋል። እኔም እግሬ ሥር ያለው ሴራሚክ የቀዘቀዘ መሰለኝ። ጫማዬን ገና አላደረግሁም ነበር።

«ብቻዬን ነኝ» አልኳት። «ያለውን ለእኔ ይንገሩኝ፣ ዶክተር። ሥራዬ መስማት ነው።»

ትንሽ አመነታች። ወጣት ናት፤ ከልጄ ብትበልጥ በጥቂት ዓመት ነው። ከዚያ ወንበር ስባ ስክሪኑ ፊት አስቀመጠችኝ።

«ጠጠሩ አለ» አለች። «ትንሽ ነው፤ ራሱ ይወጣል። እሱ አያሳስብም። ሌላ ያልፈለግነው ነገር ነው ያገኘነው።»

ሆዴ በአግድም ተቆርጦ ግራጫ ሆኖ ተዘርግቷል። ግራ ጎኔ በስክሪኑ ላይ በስተቀኝ እንደሚታይ አስረዳችኝ። ከኩላሊት አናት ላይ አድሬናል የምትባል ቀጭን ዕጢ ትቀመጣለች፤ ሰው ሲደነግጥ ልቡን የምታስሮጠው እሷ ናት። የቀኟ እንደ ክር ቀጥናለች። የግራዋ ላይ አንድ ክብ ነገር ተቀምጧል። ሐኪሟ ከጫፍ ጫፍ መስመር ጎተተችበትና ቁጥር ብቅ አለ፤ ሠላሳ አንድ ሚሊሜትር።

ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ። አስቤበት አይደለም፣ እጄ ነው ያወጣው። «ሠላሳ አንድ» ብዬ ጻፍኩ።

«እብጠት ነው?»

«እብጠት ነው።»

«ካንሰር ነው?»

«አብዛኞቹ አይደሉም። አንዳንዶቹ ናቸው። ማለቴ...» ቃል ስትፈልግ አየኋት። «ስካኑ የእያንዳንዱን ነገር እፍጋት በቁጥር ይሰጠናል። ውኃ ዜሮ ነው፤ ስብ ከዜሮ በታች ነው። ይሄ እብጠት አሥር ወይም ከአሥር በታች ቢሆን ኖሮ፣ ውስጡ ስብ ነው፣ ጉዳት የለውም ብዬ በሸኘሁዎት ነበር። የእርስዎ ሃያ ሦስት ነው።»

«ሃያ ሦስት ምን ማለት ነው?»

«አላውቅም ማለት ነው።»

እሱንም ጻፍኩት። በሥራዬ ዘመን «አላውቅም» የሚል ባለሥልጣን ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር። ያን ቀን ግን ምነው በዋሸችኝ ብዬ ተመኘሁ።

ሁለት ነገር አዘዘችልኝ። አንደኛው የደም ምርመራ ነው። እብጠቱ ሆርሞን የሚረጭ ዓይነት ከሆነ ሳይታወቅ ቢነካ ደም ግፊትን ወደ ሰማይ ይሰቅላል አለችኝ፤ ናሙናው ወደ ውጭ ሀገር ስለሚላክ ውጤቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ይፈጃል። ሁለተኛው ሌላ ስካን ነው፤ በዚህኛው በደም ሥር ቀለም ይሰጣል። ለሱ ስምንት ቀን ተቀጠርኩ።

ከኦሎምፒያ ወደ ካዛንቺስ በእግሬ ወጣሁ። ቤቴ እዚያ አልነበረም። የተወለድኩበት ግቢ ከነሰፈሩ ከፈረሰ ቆይቷል፤ አሁን የምኖረው ላንቻ ተከራይቼ ነው። እግሬ ግን የለመደውን መንገድ ያዘ። ግቢያችን የነበረበት ቦታ ላይ ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ ሣርና አዲስ መብራት አለ። የውኃ ቧንቧችን የት ጋ እንደነበረ ለማወቅ ከአስፋልቱ ጀምሮ በእርምጃ ለካሁ። ሁለት ጊዜ ለክቼ ሁለት የተለያየ ቦታ ደረስኩ። ያ ከሐኪሟ ቃል ይልቅ አስፈራኝ። ቁጥር እየተሳሳትኩ ነበር።

ለባለቤቴ «ጠጠር ነው አሉ፣ ይወጣል» አልኳት። ውሸት አልነበረበትም። ጎደሎ ዜና ግን ነው፤ ሌላ ሰው ጽፎ ቢያመጣልኝ እመልስበት ነበር።

እነዚያን ስምንት ቀናት በሥርዓት ለማሳለፍ ሞከርኩ። ጠዋት ግፊቴን እለካና እጽፋለሁ። ቢሮ እገባለሁ፤ የሌሎችን ጽሑፍ አርማለሁ። ሰው የሚያውቀኝ በማልደነግጥ ሰውነቴ ነው፤ ጥይት በሚጮህበት ቦታ ቆሜ በስልክ ዜና ያስጻፍኩ ነኝ። አሁን ግን አሳንሰሩ ሲቆም ልቤ ይመታል፤ ስልክ ሲጮህ መዳፌ ይረጥባል። ከዚያ ደግሞ የባሰ ሐሳብ ይመጣል። የሚያስፈራኝ ነገር የተቀመጠው ፍርሃትን በሚያመርተው ዕጢ ላይ ነው። ይሄ የሚመታው ልብ የእኔ ድንጋጤ ነው ወይስ እብጠቱ የረጨው? የምፈራው ስለታመምኩ ነው ወይስ ሕመሙ ራሱ ነው የሚፈራልኝ? ይህን ለማንም መጠየቅ አልቻልኩም። ደብተሬ ላይ ለመጻፍም አፈርኩ።

በሁለተኛው ስካን ቀን ባለሙያው መርፌውን ክንዴ ላይ እያሰረ ቀለል አድርጎ ነገረኝ።

«ቀለሙ ሲገባ ሰውነትዎ ይግላል። ሽንት ያመለጠዎት ይመስልዎታል። አላመለጠዎትም፣ አይደንግጡ።»

«ያመለጠው ሰው አለ?»

«አለ። እሱ ግን ከፍርሃት ነው» አለና ከመስታወቱ ጀርባ ሄደ።

ምርመራው እንዲህ ነው። ቀለሙ እንደገባ አንድ ጊዜ ያነሣሉ። አሥራ አምስት ደቂቃ ጠብቀው ደግሞ ያነሣሉ። ጉዳት የሌለው እብጠት የጠጣውን ቀለም ቶሎ ይለቃል፤ ክፉው ይዞት ይቆያል። እኔ ማድረግ የምችለው ነገር የለም። እጆቼን ከራሴ በላይ ዘርግቼ፣ በጀርባዬ ተኝቼ፣ አንድ የሰውነቴ ክፍል ቀለም እስኪለቅ መጠበቅ ነው።

ሙቀቱ ከጉሮሮዬ ጀምሮ እስከ ጭኔ ወረደ። እንዳለኝ ነበር፤ አላመለጠኝም። ከዚያ ጸጥታ ሆነ። ደቂቃ ለመቁጠር ፈለግሁና ሰዓት በሌለው ግድግዳ ላይ አፈጠጥኩ። ከጣሪያው ሰሌዳዎች አንዱ የዝናብ እድፍ አለበት። እስከ ስድስት መቶ ቆጠርኩ፤ ተሳሳትኩና እንደገና ጀመርኩ። «ልቀቅ» እያልኩ ነበር፣ በውስጤ፤ የገዛ ሆዴን እየለመንኩ። ጸሎት ላይ ደካማ ነኝ። ያን ጊዜ ግን አንድ ቃል እየደጋገምኩ መቆየቴን አውቃለሁ።

ከሦስት ቀን በኋላ ውጤቱን ስትነግረኝ የሐኪሟን ፊት አላየሁም፤ እስክሪብቶዋን አየሁ።

«ከቀለሙ ስልሳ በመቶውን ቢለቅ በቃ ጨርሰን ነበር» አለች። «የለቀቀው ሃምሳ አራት ነው።»

«ስለዚህ?»

«ስለዚህ እንደገና መሐል ላይ ነን። መጠኑ አነስተኛ ነው፤ ዳሩ ለስላሳ ነው፤ እነዚህ ጥሩ ናቸው። እፍጋቱና አለቃቀቁ አላማረኝም። ምርጫችን ሁለት ነው፤ ስድስት ወር ጠብቆ አድጎ እንደሆነ እንደገና ማየት ወይም ማውጣት። ማውጣት ማለት ቀዶ ጥገና ነው፤ የደሙ ውጤት ሳይደርስ ግን አይነካም።» ከዚያ የሆነ ነገር እንደታወሳት ቀና አለች። «ከዚህ በፊት ሆድዎን በሲቲ ተነሥተው ያውቃሉ?»

ተነሥቻለሁ። ከስድስት ዓመት በፊት ለሥራ ስንሄድ መኪናችን ተገልብጦ ነበር። ሆዴ ውስጥ ደም እንዳይፈስ ተብሎ ተነሣሁና «ጉዳት የለም» ተባልኩ።

«ፊልሙ አለዎት? ያኔ ከነበረና ካላደገ ሌላ ጥያቄ አይኖረኝም። ያኔ ካልነበረ ወይም ትንሽ ከነበረ ደግሞ...» አልጨረሰችውም። «የኩላሊቱ አናት የሚታይበት ክፍል ነው የሚያስፈልገኝ።»

ያነሣኝ ማዕከል ከቦታው ተነሥቷል፤ ማሽኑም ተቀይሮ የድሮ መዝገብ የለም። ያኔ አሠራሩ እንዲህ ነበር፤ ፊልሙ በትልቅ ፖስታ ለታማሚው ይሰጣል፤ የሚያስቀምጠውም ታማሚው ነው። እኔ ደግሞ ወረቀት የማልጥል ሰው ነኝ። ወደ ቤት ስሄድ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቴ ቀለል አለኝ።

ፖስታውን ከቁም ሣጥኑ አናት አወረድኩ። ሦስት ፊልም ነበር መኖር ያለበት። ሁለት ነው ያለው። አንዱን መስኮቱ ላይ ለጠፍኩት፤ ሳንባና ጉበት ነው። ሌላውን ለጠፍኩ፤ የኩላሊት ግርጌና አንጀት ነው። መሐለኛው የለም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። የት እንዳለ አውቅ ነበር። አምስት ቦታ ነው ያለው፤ በመቀስ የቆረጥኩት እኔ ነኝ።

በኮሮናው ዓመት በሰኔ ውስጥ፣ አንድ እሑድ ጠዋት የፀሐይ ግርዶሽ ሆኖ ነበር። በዋዜማው ሳምንት ጋዜጣችን ላይ ማስጠንቀቂያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሁለት ባለሙያ አነጋግሬ «በራጅ ፊልም ፀሐይን ማየት ዓይንን ይጎዳል» ብዬ በግልጽ አስፍሬ ነበር። እሑድ ጠዋት ግን መነጽር የሚባል ነገር በሰፈሩ የለም። ጎረቤቶች በሙሉ ግቢ ውስጥ ወጥተው፣ አፋቸውን በማስክ ሸፍነው፣ ተራርቀው ቆመው ሰማዩን እየሰረቁ ያያሉ። መከልከል የማይቻል ነገር ነበር፤ በባዶ ዓይናቸው ሊያዩ ነው። ገባሁና ከፖስታው እጄ ላይ የመጣውን ፊልም አወጣሁ። በባለቤቴ መቀስ በአግድም አምስት ቦታ ከፈልኩት፤ በእያንዳንዷ ቁራጭ አራት አራት ሥዕል። ትሠራ እንደሆነ ለማየት አንዷን እኔ ራሴ መጀመሪያ አንሥቼ አየሁባት። ፀሐይዋ ዳሯ ተገምጦ ብርቱካናማ ሆና ትታያለች። ከዚያ አደልኩ። ያን ጠዋት ሁላችንም እየተሳሳቅን በእኔ ሆድ ውስጥ ፀሐይን አየን።

ባለቤቴ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ስትመለስ ፊልሞቹ መስኮቱ ላይ ተለጥፈው፣ እኔ አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጥኩ አገኘችኝ።

«ምንድን ነው?»

«የድሮው ፊልም ነው። መኪናው የተገለበጠ ጊዜ።»

«ፊልሙን አልጠየቅሁህም። አንተ ምን ሆነሃል?»

ነገርኳት። ስናገር ዜና የማቀርብ ይመስል ነበር፤ መጠን፣ እፍጋት፣ በመቶኛ። ቦርሳዋን ሳታወርድ ቆማ ሰማችኝ።

«ካወቅህ ስንት ቀንህ ነው?»

«አሥራ አንድ።»

«አሥራ አንድ ቀን አጠገቤ ተኝተህ።» ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ቦርሳዋን አወረደች። መስኮቱ ጋ ሄዳ የተለጠፈውን ሆዴን ለረጅም ጊዜ አየችው። «የእኔና የአንተ ቁራጭ ኩሽና መስኮቱ ላይ ነበረች» አለች በመጨረሻ። «ከቤቱ ጋር ቀርታለች። ሌሎቹን ለማን ለማን ነው የሰጠኸው?»

«ለእድሩ ዳኛ። ለታይፒስቷ ለእትዬ። ለሁለቱ ጎረቤት ቤተሰቦች።»

«እሑድ እድር ነው። ሂድና ጠይቅ።»

ይህ ቀላል ምክር ይመስላል። የሰፈራችን ሰው በአራቱም ማዕዘን ተበትኗል፤ ግማሹ ከከተማው ጫፍ ነው የሚኖረው። እድሩ ግን አልፈረሰም። በወር አንድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ቂርቆስ አካባቢ በተዋስነው አንድ አዳራሽ እንሰበሰባለን። ስብሰባው ሁልጊዜ በአንድ ጥያቄ ነው የሚከፈተው፤ «የታመመ አለ?» የተጠራ ሰው በወሩ ውስጥ በየቤቱ ይጎበኛል። ብርቱካን ይመጣል፤ ሰው በር ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል። እኔ አንድ የስፖንጅ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ የሚቀብሩኝ ሰዎች በተራ ሲገቡ ታየኝ። ቀብርን የሚያዘጋጀው ማኅበር ፊት ቆሜ «ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር አለ» ማለት ለእኔ ራሴን በራሴ ማርዳት ነበር።

እሑድ ዳኛው እንደተለመደው ከፈቱ። ጡረታ የወጡ የመብራት ኃይል ሠራተኛ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው።

«የታመመ አለ?»

እጄን አላወጣሁም። አንዲት የወለደች ሴት ተጠቀሰች። ሌላ ጉዳይ ሄደ። «ልዩ ልዩ» ሲባል እጄን አወጣሁ።

«አንድ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው» አልኩ። «ያኔ ለግርዶሹ የሰጠኋችሁ ፊልም ያለው ሰው ካለ ለማየት ፈልጌ ነበር።»

አዳራሹ ሳቀ።

«የትኛው? ‘በፊልም አትዩ’ ብለህ በጋዜጣ የጻፍከው?» አሉ እትዬ ከፊት ወንበር። የአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆነው ዕድሜያቸውን ያሳለፉ፣ ከጥግ ቤት ብቻቸውን ይኖሩ የነበሩ ሴት ናቸው። «ቅዳሜ አንብቤ እሑድ መቀስ ይዘህ ስትወጣ አየሁህ። ይሄ ሰውዬ ሁለት ነው እንዴ አልኩ።»

«ለእኔ የደረሰኝማ አንጀት ነው» አሉ ጋሼ። «ፀሐይዋን አይቼበት ምሳዬ አልበላ አለኝ።»

«የት አለ ጋሼ?»

«ልጆቹ ተጫወቱበት፤ በቃ አለቀ።»

ከሁለቱ ቤተሰቦች አንዱ አልመጣም ነበር፤ የሌላው አባወራ ከሰፈሩ ስንነሣ ቆሻሻ መስሎት እንደጣለው ነገረኝ። «ይቅርታ ጋዜጠኛው፣ ለጽሑፍ እንደምትፈልገው ማን ያውቃል» አለ። «ችግር የለም» አልኩና ለመቀመጥ ጎንበስ እንዳልኩ ቀረሁ። የወንበሩን መደገፊያ ያዝኩ።

እትዬ ዞር ብለው አዩኝ። ዓይናቸው ላይ ሞራ አለ፤ ግን ሰው አያመልጣቸውም።

«ለጽሑፍ ነው ወይስ ለራስህ?»

ሠላሳ ዓመት ሰው እንደዚህ ስጠይቅ ኖሬያለሁ። ቀጥ ያለ ጥያቄ ነው፣ መሸሻ የለውም።

«ለራሴ ነው፣ እትዬ» አልኩ። ከዚያ ቆሜ ተናገርኩት፤ ሁሉንም። ሐኪሟ የምትፈልገው የትኛውን እንደሆነና ካልተገኘ ምን እንደሚከተል። ማንም አልሳቀም። ጋሼ ብዕራቸውን አንሥተው መዝገቡ ላይ ሲያጎነብሱ አየሁና የትኛው ዓምድ ውስጥ እንደሚጽፉኝ ገባኝ።

«የእኔ አለች» አሉ እትዬ።

«ምን?»

«አለች እያልኩህ ነው። የሰው ገላ አይደል እንዴ? ጥርስና ጥፍር እንኳ ዝም ብሎ አይጣልም። ከቤት ካርታዬ ጋር አስቀምጫታለሁ።»

የዚያኑ ዕለት አብሬያቸው ሄድኩ። ከሜክሲኮ አውቶቡስ ያዝን። ለመድረስ አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀ። አዲሱ ኮንዶሚኒየማቸው ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ደረጃውን እያረፉ ነው የሚወጡት፤ ክንዳቸውን ልይዝ ስል «አንተ ነህ ታማሚው» ብለው ከለከሉኝ። ከአልጋቸው ሥር ሣጥን ሳቡ። በፌስታል ተጠቅልላ፣ በጎማ ታስራ ወጣች።

መስኮቱ ጋ ወስጄ ብርሃን ላይ አነሣኋት። አራት ሥዕል። አምስት ቦታ ከተቆረጠ ፊልም ይህች የትኛዋ እንደሆነች ሳላውቅ ነበር የመጣሁት። መጀመሪያ አከርካሪውን አገኘሁ። ከዚያ ባቄላ የመሰለውን የኩላሊት ጫፍ። ግራው በስተቀኝ ነው አልኩ ለራሴ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ሥዕል ላይ፣ ከኩላሊቱ አናት፣ ክብ ግራጫ ነገር ነበር።

ያኔም ነበር። ያን ያህሉን አወቅሁ። ምን ያህል እንደሆነ ግን ማወቅ አልቻልኩም፤ ሥዕሉ የክብሪት ቀፎ አያክልም። ስክሪን ላይ ካየሁት በጣም ያነሰ መሰለኝ። አሥራ አምስት ሚሊሜትር ከነበረስ? በስድስት ዓመት እጥፍ ከሆነስ? ቁራጯን ወደ ብርሃኑ አስጠጋኋት፤ መልሼ አራቅኋት።

«አገኘሃት?» አሉ እትዬ ከኋላዬ።

«አግኝቻታለሁ።»

«ታዲያ ለምን እንደዚህ ትሆናለህ?»

ቁራጯን መልሼ ጠቀለልኳት። ፌስታሉን በሸሚዜ ውስጥ ይዤ ስወጣ ደረጃው አፋፍ ላይ ቆመው «እኔ ጋ ነው የምትመለሰው» አሉኝ። «አደራ።» በመልሱ አውቶቡስ ላይ ቁራጯ በላብ ደረቴ ላይ ተጣበቀች። ቀና ብዬ ብቀመጥ የምትታጠፍ፣ ጎንበስ ብል የምትሰበር እየመሰለኝ እስከ ሜክሲኮ ድረስ አልተንቀሳቀስኩም።

በማግሥቱ ባለቤቴ አብራኝ መጣች። ሐኪሟ ሁለታችንን አየችና ፈገግ አለች፤ «ዛሬ ሰው ይዘው መጡ።» የፊልም ማያው የመብራት ሣጥን ከአገልግሎት ውጭ ሆኖ ከፋይል መደርደሪያ ጀርባ ነበር። ባለሙያው አቧራውን በእጅጌው ጠረገ፤ ሲሰካው ሁለት ጊዜ ብልጭ ብሎ በራ። ቁራጯን ከላይ ቆንጥጣ ሰቀለቻት።

«ማነው የቆረጠው?»

«እኔ።»

«ለምን?»

«ለግርዶሹ።»

ዞራ አየችኝ።  በእያንዳንዱ ሥዕል ጎን ትንንሽ ጭረቶች ያሉት መለኪያ ታትሟል። ባለ ሁለት ጫፍ መለኪያ አምጥታ ክቡን ያዘች፤ ጫፎቹን ሳታንቀሳቅስ ወደ ጭረቶቹ አመጣችው። ደገመችው። ሦስተኛው ሥዕል ላይ ሠራችው። ባለቤቴ ክንዴን ይዛ ነበር፤ ጥፍሯ ገብቶ እንደነበር ያወቅሁት ማታ ሸሚዜን ሳወልቅ ነው። እኔ ወለሉን አየሁ። ስለ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ የምጽፈውን እያሰብኩ ነበር፤ ካደገ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ካላደገ ሌላ፤ ሁለቱንም በየተራ ጻፍኳቸው በልቤ።

«ሠላሳ» አለች። «እዚህኛው ላይ ሠላሳ አንድ።»

«ማለት?»

«እዚያው ነው። ያኔ የፈለጉት ደም ስለነበር ይሄን አላዩትም ወይም አልጻፉትም። ስድስት ዓመት ሙሉ ይዘውት ሲሄዱ ነበር። ክፉ ቢሆን እንዲህ ቁጭ ብሎ አይጠብቀንም።» መለኪያውን አጥፋ አስቀመጠች። «የደሙን ውጤት እንጠብቃለን። እሱ ንጹሕ ከሆነ ከዓመት በኋላ አንድ ጊዜ አየዋለሁ፤ ከዚያ በቃ።»

ደብተሬን አውጥቼ ጻፍኩ። በኋላ ሳነበው ከቁጥሩ በቀር አንድም ፊደል አይለይም።

ደሙ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ደረሰ፤ ንጹሕ ነው። እውነቱን ለመናገር ያ ልብ ምቱ ግን ወዲያው አልተወኝም። አሁንም የስልክ ጥሪ ሲበዛ ቁጭ ብዬ እጠብቀዋለሁ። ቢያንስ የማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ የእኔው ነው።

በሚቀጥለው እድር ጋሼ «የታመመ አለ?» ብለው መዝገቡን ሲከፍቱ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ከመናገሬ በፊት እትዬ እጃቸውን ዘረጉ። ፌስታሉን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ጎማውን ፈቱ፤ ቁራጯን ወደ መስኮቱ አንሥተው ሞራ ያለበትን ዓይናቸውን እያጠበቡ፣ በጣታቸው እየነኩ ሥዕሎቹን ቆጠሩ።

«አራት» አሉ። «ሙሉ ነው።»

ጠቅልለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና ጋሼን «ቀጥል» አሏቸው።